በማኅተም የታሸገው ፍጥነት

በዚያን ዘመን ሥራ አስኪያጃችንን «ጓድ» እያልኩ፣ በአንቱታ እየተሽቆጠቆጥኩ ነበር የማነጋግረው። ዛሬ ግን «እሱ» ብዬ ነው የምጠራው። ያን ያህል ዓመት በውሸት ያከበርኩት ይበቃዋል።

መሥሪያ ቤታችን ናዝሬት ነበር። ሥራችን ለአካባቢው ገበሬ ማኅበራት የምርጥ ዘር ድልድል ማውጣት ነው፤ ለማን ስንት ኩንታል ስንዴ እንደሚደርሰው ስም በስም ዘርዝሮ ወደ መጋዘን መላክ። ድሮ በእጅ ይጻፍ ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ግን አንድ ኮምፒዩተር ተላከልንና እኔ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሠልጥኜ መጣሁ። በቃ፣ ከተማው ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ተባለ። እኔም አመንኩ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ምን ላድርግ።

ለማሽኑ የጽሕፈት መሣሪያዎች የነበሩበት ክፍል ተለቀቀለት፤ መጋረጃ ተሰፋለት፣ ከበሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጠፈለት። ቤተ ክርስቲያን ጫማውን አውልቆ የማያውቅ ካድሬ ሁሉ እኛ ክፍል ሲገባ በካልሲው ነበር። ካልሲያቸው ደግሞ ይሸት ነበር፤ ይህን ያኔ መናገር አልቻልኩም።

ከማሽኑ ፊት ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነበረች፤ አጠገቧ ቢጫ መብራት አለ። ቁልፏን ስትጫኗት መብራቷ ትበራለች፣ ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ደግማችሁ ስትጫኗት መብራቷ ትጠፋለች፣ የማሽኑ አንጎልም ከግማሽ ባነሰ ጉልበቱ ያዘግማል። ያሠለጠነን ሰው እንደነገረን ቁልፏ የተሠራችው በዝግተኛ ማሽን ለመሥራት ለተጻፉ ለቆዩ ፕሮግራሞች ሲባል ነው፤ እናንተ አትንኳት፣ እንደበራች ትቀመጥ ብሎናል። ለአንድ ዓመት ያህል እንደበራች ተቀመጠች። ድልድሉም በጊዜው ወጣ፤ ማንም አላመሰገነኝም እንጂ።

በዓመቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። የእኛ ሰፈር ተራ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሲሞላ ድርግም ይላል። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ሰሞን አንድ የቁጠባ ሴሚናር ተካፍሎ መጣ፤ ከሴሚናር የተመለሰ ሰው ደግሞ አያድርስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኮሪደሩ አምፖል አስወለቀ። በሁለተኛው ቀን የሻይ ማፍሊያውን ምድጃ ወረሰ። ቁልቁለት ላይ ሞተር አስጠፍቶ መኪና የሚያስነዳ ሰው ነው፤ ሾፌሩ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት አንድ ቀን ከጋሪ ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ነው የተረፈው። በሦስተኛው ቀን ጫማውን አውልቆ እኔ ጋ መጣ።

ቢጫዋን መብራት አይቶ ይህቺ ምንድን ናት አለኝ። ነገርኩት። ፈጣን ሲሆን መብራት ይበዛበታል ወይ አለኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማወቄን ላሳይ ብዬ ትንሽ ሊበዛ ይችላል አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ ባያችሁት! ፍለጋ የወጣበትን በሬ ያገኘ ይመስል ነበር። መኪናም እኮ በሰማንያ ሲነዱት ቤንዚን ይበላል፣ በአርባ ሲነዱት ግን ይቆጥባል አለኝ። እሱ በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የሚረዳው በዚያች አሮጌ መኪናው ነው።

ቁጭ ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ጓድ፣ ማሽኑ ሲያስብም ሳያስብም ስክሪኑ እንደበራ ነው፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያም ይዞራል፣ ዲስኩም ይሽከረከራል፤ የድልድሉን ዝርዝር በፈጣኑ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አስልቶ ይጨርስና ይጠፋል፤ በዝግተኛው ግን ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ያን ሁሉ ጊዜ መብራት እየበላ ይቆያል፤ ፈጥኖ ጨርሶ የሚተኛው ነው የሚቆጥበው አልኩት። ሕፃን ልጅ የሚገባው ነገር ነው። እሱ ግን ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ሴሚናር ላይ እንዳለ ሁሉ፣

«ጓዲት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነበር። ግን ማን ይነግረዋል? ይህን ሁሉ ሲያስተምረኝ የእሱ ቢሮ ቬንቲሌተር በባዶ ክፍል እየዞረ ነው፤ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። የናዝሬትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በግንቦት ቬንቲሌተር የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርም። የእኔ ክፍል ቬንቲሌተር የተወሰደው በሴሚናሩ ማግስት ነው።

በማግሥቱ ደብዳቤ ወጣ። ቁልፏ እንድትጠፋ፣ ጠፍታም እንድትታሸግ። አዎ፣ እንድትታሸግ! እንደ ተወረሰ ቤት በር ማለት ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኮላና ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ። ቁልፏን አጠፋናት፣ ወረቀቱ ከላይዋ ተለጠፈ፣ ክቡ ማኅተም ግማሹ በወረቀቱ ግማሹ በማሽኑ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ተመታ፣ ሦስት ሰው ፈረመበት። አንዱ እሱ ነው። አንዱ ንብረት ክፍል ነው። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ስፈርም ፊርማዬ ያማረ እንዲሆን ተጠንቅቄ ነበር።

የመንግሥትን እሽግ የፈታ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚባል ለማያውቅ ልንገረው፤ «አሻጥረኛ» ይባላል። የመጋዘናችን ዘበኛ አንድ ጊዜ አይጥ ገብቶ ዘሩን ፈጀው ብሎ የታሸገ በር በመክፈቱ ሁለት ወር ታስሯል። አይጧን ግን የያዛት የለም።

ከእሽጉ በኋላ ማሽኑ ሌላ ፍጥረት ሆነ። ሲበራ ዶስ የሚባለው፣ ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ቀድሞ ወዲያው ይነሳ የነበረው አሁን አፉን እስኪያፋሽክ ጠብቂኝ ይላል። የፋይሎች ዝርዝር አሳየኝ ስለው አንድ በአንድ እያወረደ፣ ጥርስ እንደሚያወልቅ ሰው እያቃሰተ ነው። ስም ስጽፍ እኔ ሦስተኛውን ፊደል ስነካ እሱ የመጀመሪያውን ገና ያሳየኛል። አማርኛ ስለማያውቅ የገበሬውን ስም ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር የምጽፈው፤ በዚያ ላይ ቀርፋፋ ሲሆንብኝ የስንቱን አባት ስም እንዳበላሸሁ እግዜር ይወቀው።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር፣ የሁሩታው ሊቀመንበር ባይመጡ ኖሮ።

በአሰላው መንገድ ከሁሩታ አጠገብ ያለ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ ስድሳን ያለፉ፣ ጭቃ የደረቀበት የጎማ ቦት የሚጫሙ ሰው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፣ ሰላምታቸው ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። የመጡበትንም ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ስለከዳቸው አባሎቻቸው ለዘር ያስቀመጡትን ስንዴ በልተውታል። ዘንድሮ የሚዘራ ቅንጣት በቤት የለም። መጋዘን የቆሙት መኪናዎች ደግሞ ዓርብ ስድስት ሰዓት ይነሳሉ፤ የድልድል ዝርዝሩ የደረሰለት ይጫንለታል፣ ያልደረሰለት ኩንታሉ ለሌላ ወረዳ ይዞራል። የሁሩታ ዝርዝር ዓርብ ካልደረሰ መሬቱ ጦም ያድራል፣ ሰዉም እንደዚያው።

ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ስሌቱን አስጀመርኩ። ሽማግሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ጥቂት የስንዴ ፍሬ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንድ አንዱን ይጫኑታል፤ እንደ ቀንድ የጠነከረ ወፍራም ጥፍር ነው። ጥሩ ዘር በጥፍር አይበሳም አሉኝ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሆነ። ማሽኑ ያቃስታል። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ድርግም! ሥራው በመሃል ከተቋረጠ ደግሞ ከአንድ ነው የሚጀምረው፤ የአራት ሰዓት ላቡ ሁሉ ገደል ገባ።

ረቡዕም እንዲሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀመርን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ድርግም። ዝርዝሩን ለሁለት ከፍዬ በሁለት ቀን ላስላው ብዬ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ፤ የተከፋፈለ ዝርዝር አይፈረምም አለኝ። ሁለት ሰዓት ብቻ እሽጉ ይነሳልኝ አልኩት። ቬንቲሌተሩ ሥር ሸሚዙን ከፍቶ ተቀምጧል። መመሪያ ለአንቺና ለአንድ ገበሬ ሲባል አይጣስም አለኝ። በእኛ ቁጠባ የተነሳ ማሽኑ በሁለት ቀን ስምንት ሰዓት መብራት በልቶ አንዲት ገጽ አላወጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኸው ነው። ሽማግሌውን ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ዓይናቸውን ሳላይ ነገ እንሞክራለን አልኳቸው። እሳቸውም ወዳደሩበት ዘመድ ቤት ሄዱ።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ወደ አሰላ ሄደ። ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን አበራሁትና ገና ዶስ አዛግቶ ሳይጨርስ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነስተው አጠገቤ ቆሙ። ያ ወረቀት ምንድን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ቁልፏን፣ ፍጥነቱን፣ ሁለት ሰዓቱን፣ አራት ሰዓቱን፣ ማኅተሙን። ሁሉንም በደንብ አዳመጡኝ። አንዴም አላቋረጡኝም፤ በዚያ መሥሪያ ቤት እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

«እና ዘራችን ያለው ከዚህች ወረቀት ሥር ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ትናከሳለች?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አራሱና በዚያ በቀንድ ጥፍራቸው የወረቀቷን ጠርዝ ቀስ ብለው ጫር ጫር አደረጉት። እኔ ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ እጠብቃለሁ። ወረቀቷ ሳትቀደድ፣ ማኅተሙ ሳይበላሽ፣ እንደ ድንች ልጣጭ ተላቀቀች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ነበር የምሰማው፤ ወረቀቱስ ለካ ይለቃል።

ቁልፏን ግን እሳቸው አልነኳትም። ይህ ያንቺ ሥራ ነው አሉኝና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ተጫንኳት፣ ቢጫዋ መብራት በራች። አራት ሰዓት ሳይሞላ ስሌቱ አለቀ፤ አምስት ሰዓት ሲሆን ማተሚያው የመጨረሻውን ገጽ እየጮኸ አወጣ። ማሽኑን አጠፋሁት። በዚያ ወር ከተቆጠበው መብራት ሁሉ እውነተኛው ቁጠባ ያቺ ከአምስት እስከ ስድስት ያለችው አንድ ሰዓት ናት፤ እሷ ግን በየትም ሪፖርት አልገባችም።

ሽማግሌው ዝርዝሩን አጣጥፈው ከደረታቸው ከተቱ። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? ቁልፏን መልሼ አጠፋኋት፣ ወረቀቷን ኮላ ቀብቼ በቦታዋ፣ የማኅተሙ ግማሽ ከግማሹ እስኪገጥም ድረስ በጥንቃቄ ለጠፍኳት። ቢጫዋ መብራት ታሳብቅብኛለች ብዬ ነው። ሽማግሌው ቆመው አዩኝ። ቦት ጫማቸውን እያጠለቁ፣

«እንግዲህ መንገዱን አይተሻል» አሉኝ። «ለከርሞ እኔ አልመጣም፤ ከእርሻዬ መዋል ይሻለኛል። አንቺ አለሽልን።»

ዓርብ መኪናው ወደ ሁሩታ ጭኖ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ከአሰላ ሲመለስ ዝርዝሩ ወጥቷል፣ እሽጉም እንዳለ አለ። ከዚህ ምን እንደደመደመ መቼም ትገምታላችሁ። በዝግታና በቁጠባ ሥራው በወቅቱ ተጠናቀቀ ብሎ ለበላይ ጻፈ! ለዚህም የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ በስብሰባ፣ በጭብጨባ። አጨበጨብኩ። ከኋላ ወንበር አልነበረም የተቀመጥኩት፣ ከፊት ሆኜ ነው ያጨበጨብኩት።

የሚቀጥለው ግንቦት መጣ። መብራቱ አሁንም በፈረቃ ነው፣ እሽጉም በአዲስ ወረቀትና በአዲስ ማኅተም ታድሷል። አዲስ ነገር ቢኖር የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት እየመጣ እሽጉን አይቶ መሄዱ ነው፤ መጥቶም ሲሄድ ቀኑን ሙሉ አይመለስም። የሁሩታ ዝርዝር ደረሰኝ፤ የሽማግሌው ስም ከላይ አለበት። መኪናዎቹ እንደ አምናው ዓርብ ስድስት ሰዓት ይነሳሉ።

ማክሰኞ አስጀመርኩ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ድርግም። ረቡዕ እንዲሁ። ሐሙስ ጠዋት የንብረቱ ሰው እሽጉን አይቶ ሄደ፤ ክፍሉ ውስጥ እኔና ማሽኑ ብቻ ነን። ወረቀቷን አየኋት። ጠርዟ እንዲያውም አንድ በኩል ተነስቷል። እጄን ሰደድኩ፣ መለስኩ። ዘበኛው ትዝ አለኝ። ደሞዜ፣ እናቴ፣ ሠፈራችን ትዝ አለኝ። ማን ያውቃል፣ ዛሬ መብራቱ ትንሽ ይቆይልን ይሆናል አልኩ። በአግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ በሩን በሩን አይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ፣ በከተማው አንደኛ ተብዬ፣ ወረቀት የሚልጥልኝ ገበሬ ከሁሩታ እጠብቃለሁ። መብራቱ አልቆየም። ዓርብም አስጀመርኩት፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላ መኪናዎቹ ወደ ሌላ ወረዳ ነጎዱ።

በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ናዝሬት መናኸሪያ አገኘኋቸው። ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘዋል፤ ዘር ፍለጋ ከነጋዴ ቤት ነጋዴ ቤት ሲዞሩ ውለው ሳያገኙ መመለሳቸው ነው። ቢያገኙስ የመዝሪያው ወቅት አልፏል። እሸሻለሁ ስል አዩኝ። እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፣ እናቴን ጠየቁኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ያ ማሽን እንዴት ነው አሉኝ። ስለ ዘሩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔም አላነሳሁም፤ እየተናገርኩ የነበረው ስለ ሙቀቱ ነው።

የሁሩታ አውቶብስ ተጠራ። ሊሰናበቱኝ እጄን ያዙና አልለቀቁትም፤ ገልበጥ አድርገው አዩት። የጓደኛዬ ሠርግ ስለነበር ጥፍሬን ቀይ ቀለም ተቀብቼ ነበር።

«ጥፍርሽን አሞሽ ነበር?» አሉኝ።

አይ፣ ደህና ነኝ አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ደህና ነበርኩ።